የሞቀ ውኃ ገንዳ በኪራይ ማረፊያ ቤቶች፦ ከመግጠም በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ የጤና ጉዳዮች

መግቢያ

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያሠሩትን ቤት ለሳምንቱ መጨረሻ ለእንግዶች የሚያከራዩ አንድ የቅርብ ዘመዴ በቅርቡ ምክር ፈልገው ጠሩኝ። እንግዶች ስልክ ሲደውሉ «ጃኩዚ አለው?» ብለው መጠየቅ አብዝተዋል፤ ጎረቤታቸውም አንድ ገዝቶ የኪራይ ዋጋውን ከፍ አድርጓል። «አንተ ሐኪም ነህ፤ ሙቅ ውኃ ደግሞ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል። ልግጠመው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ።

ጥያቄው ሲቀርብ የገንዘብ ጥያቄ ይመስላል። ሲመረመር ግን የጤና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ጉዳዩን ለሥራ ባልደረቦቼ ማቅረብ የፈለግሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ገንዳ በሎጆችና በኪራይ ማረፊያ ቤቶች መታየት ስለ ጀመረ ምክር የምንጠየቅ ሰዎች እኛው ነን። ሁለተኛ፣ ገንዳው በአግባቡ ሳይያዝ ሲቀር ታማሚው የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ታማሚው ከመዝናኛ ቦታ በተመለሰ በሳምንቱ በሳንባ ምች ሲወድቅ፣ ስለ ገንዳው የሚነግረን ሳንጠይቀው አይደለም።

ገንዳው ከፍል ውኃና ከተራ መታጠቢያ በምን ይለያል?

በሙቅ ውኃ መታጠብ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በወደዱት ፍል ውኃ አጠገብ ነው። ሶደሬና ወንዶ ገነትም የታወቁት በዚሁ ነው። ስለዚህ «ሙቅ ውኃ ምን ክፋት አለው?» የሚለው ጥያቄ ከልማዳችን የመነጨ ነውና በንቀት ሊታለፍ አይገባውም።

ልዩነቱ በውኃው ሙቀት ሳይሆን በውኃው ዕድሜ ላይ ነው። የተፈጥሮ ፍል ውኃ ከምድር እየፈለቀ፣ ያገለገለውም እየፈሰሰ ይሄዳል። በመኝታ ክፍል ያለው ተራ የመታጠቢያ ገንዳ አንድ ሰው ከታጠበበት በኋላ ውኃው ይለቀቃል። ጃኩዚ የሚባለው ገንዳ ግን ያንኑ ውኃ በፓምፕና በማጣሪያ እያዞረ፣ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እያሞቀ፣ የአየር አረፋ እየነፋበት ለብዙ ሰው ለብዙ ቀናት ያቆየዋል። በዚህ ምክንያት ገንዳው እንደ ወንበርና እንደ አልጋ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በየዕለቱ የሚጠብቀው ሰው የሚያስፈልገው ትንሽ የውኃ ማከሚያ ጣቢያ ነው።

ውኃው ቶሎ የሚበከለው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የውኃው ማነስ ነው። 1,500 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አምስት ሰዎች ሲገቡ ለእያንዳንዳቸው 300 ሊትር ውኃ ይደርሳቸዋል። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 12.5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የመዋኛ ገንዳ 469,000 ሊትር ያህል ይይዛል። ይህን የመዋኛ ገንዳ በዚያው መጠን ለማጨናነቅ ከ1,500 በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ መግባት ይኖርባቸዋል። የአምስቱ ሰዎች ላብ፣ የቆዳ ቅርፊት፣ ቅባትና ሌላም ቆሻሻ በዚያች ጥቂት ውኃ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት የክሎሪን ቶሎ ማለቅ ነው። ሙቀቱ፣ አረፋውና ከሰው ገላ የሚወጣው ቆሻሻ ተባብረው ክሎሪኑን በሰዓታት ውስጥ ሊጨርሱት ይችላሉ። ጠዋት በቂ የነበረው መጠን ማታ ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት የውኃው ፒ.ኤች. ነው። ተሕዋስያንን በብርቱ የሚገድለው የክሎሪን ክፍል ሃይፖክሎረስ አሲድ ሲሆን፣ ድርሻው በፒ.ኤች. 7.0 ሦስት አራተኛ፣ በ7.5 ግማሽ ያህል ነው። በ8.0 ወደ አንድ አራተኛ፣ በ8.5 ደግሞ ከአንድ አሥረኛ በታች ይወርዳል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ስለሚያስወጣ ፒ.ኤች. በራሱ ጊዜ ከፍ እያለ ይሄዳል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ባይካርቦኔት የበዛባቸው መሆናቸው ችግሩን ያባብሰዋል። እንዲህ ባለ ውኃ ላይ ክሎሪን ብቻ መጨመር፣ መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየም ቢሆን፣ በቂ ጥበቃ አይሰጥም።

አራተኛው ምክንያት ባዮፊልም ነው። በቧንቧዎቹና በማጣሪያው ውስጥ የሚፈጠረው ሙልጭልጭ ልባስ ተሕዋስያኑን ከክሎሪን ይከልላቸዋል። ውኃው ጥርት ብሎ ቢታይም ቧንቧው ውስጥ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። የውኃ ንጽሕና በዓይን አይታወቅም።

በገንዳው የሚተላለፉ ዋና ዋና በሽታዎች

የሌጂዮኔላ በሽታ። ባክቴሪያው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላዴልፊያ በአንድ ሆቴል በተደረገ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ በተነሣ ወረርሽኝ ነው። ያኔ 221 ሰዎች ታመው 34ቱ ሞተዋል። ሌጂዮኔላ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ በደንብ ይራባል። የሚተላለፈው በአብዛኛው ውኃውን በመጠጣት ሳይሆን አረፋው ሲፈነዳ የሚወጣውን ረቂቅ ጤዛ በመተንፈስ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጎላው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ በቦቨንካርስፐል ከተማ በአንድ የአበባ ትርዒት ላይ የደረሰው ነው። ከ77,061 ጎብኚዎች መካከል 188ቱ ታመሙ፤ ከ20 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ምንጩ ለሽያጭ ማሳያ ውኃ ሞልተው አረፋ እየነፉ የተቀመጡ የሞቀ ውኃ ገንዳዎች ሆኖ ተገኘ። ታማሚዎቹ ገላቸውን አልታጠቡበትም፤ በአጠገቡ አለፉ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ኦን ትሬንት፣ በ2019 ደግሞ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና በተደረገ አውደ ርዕይ ለማሳያ የቀረቡ ገንዳዎች ተመሳሳይ ወረርሽኝ አስነሥተው ሰው ገድለዋል። በሰሜን ካሮላይናው ብቻ ከ130 በላይ ሰዎች ታመዋል።

ይኸው ባክቴሪያ የፖንቲያክ ትኩሳት የሚባል ቀለል ያለ ሕመምም ያመጣል። ገንዳው ውስጥ አብረው ያመሹ ሰዎች በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይይዛቸዋል፤ ያለ መድኃኒትም ይሻላቸዋል። በእኛ አገር ይህ በቀላሉ «ጉንፋን» ወይም «ወባ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

የስዩዶሞናስ የቆዳ ሕመም። ከመታጠቢያው በኋላ ብዙውን ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በጸጉር መብቀያ ቀዳዳዎች ዙሪያ የሚወጣ የሚያሳክክ ቀይ ሽፍታ ነው። የዋና ልብስ በሸፈነው ቦታ፣ በመቀመጫና በብብት አካባቢ ይብሳል። በጤነኛ ሰው ላይ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ግን ከዚህ የከፋ ሊሆን ይችላል።

የማይኮባክቴሪየም አቪየም የሳንባ ሕመም። በተለይ ቤት ውስጥ በተገጠሙ ገንዳዎች ጤዛ ምክንያት የሚመጣ ሲሆን፣ ለሳምንታት የሚቆይ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ትኩሳት ያስከትላል። ለእኛ ያለው ትርጉም ልዩ ነው። በአክታ ምርመራ አሲድ የሚቋቋም ባሲለስ ሊታይ ስለሚችል ታማሚው በቀጥታ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሊጀመርለት ይችላል። ስሚር ፖዘቲቭ ሆኖ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ነቀርሳ የለም ሲል፣ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር «ቤትዎ ወይም የሚሠሩበት ቦታ የሞቀ ውኃ ገንዳ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባወጣው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በታከመ የመዝናኛ ውኃ ምክንያት 493 ወረርሽኞች ተመዝግበዋል። ከነዚህ 157ቱ ከሆቴሎችና መሰል ማረፊያዎች ጋር የተያያዙ ነበሩ። በወረርሽኞቹ ከሞቱት ስምንት ሰዎች ቢያንስ ስድስቱ ሌጂዮኔላ ባስነሣቸው ወረርሽኞች የተያዙ ናቸው። ይህ የሆነው የክሎሪን መለኪያ በየሱቁ በሚሸጥበት፣ መብራትና ውኃ በማይቋረጥበት አገር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከተሕዋስያን ውጭ ያሉ አደጋዎች

ሙቀቱ ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ 43 ዲግሪ ገደማ በደረሰ የገንዳ ውኃ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የ40 ዲግሪ ጣሪያ የተለመደ ሆኗል። ሙቅ ውኃ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይም መጠጥ የጠጣ፣ ከገንዳው ብድግ ሲል ራሱን ስቶ ሊወድቅና ሊሰጥም ይችላል። በመዝናኛ ቤት ደግሞ ገንዳውና መጠጡ አብረው መሄዳቸው የታወቀ ነው።

ነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ሊገቡበት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመና ከ20,000 በላይ እናቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ በሞቀ ውኃ ገንዳ መጠቀም ከነርቭ ቱቦ ጉድለት ጋር መያያዙን አሳይቷል። ይህ ጉድለት በአገራችን ምን ያህል ቤተሰብ እንደሚያስለቅስ የወሊድና የሕፃናት ክፍል ባልደረቦቻችን ያውቁታል። ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ መሆኑም አደጋውን ያሰፋዋል።

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም መግባት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የገንዳው መምጠጫ ይዟት በመስጠሟ፣ የመምጠጫ ክዳን ደረጃን የሚደነግግ ሕግ በ2007 ወጥቷል። ቁልፍ የሌለው ክዳን፣ አጥር የሌለው ገንዳና የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር መብራቱን ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ ያልተገጠመለት መስመር የሰው ሕይወት ያጠፋሉ።

የኪራይ ቤቱ የተለየ ችግር

ገንዳው በግል መኖሪያ ቤት ሲሆን ተጠቃሚዎቹ እነዚያው ሰዎች ናቸው። በኪራይ ቤት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ቤተሰብ ይመጣል። የእንግሊዝ የሥራ ቦታ ጤናና ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ በኪራይ ማረፊያ ያለ ገንዳ የንግድ ሥራ አካል ተደርጎ የሚታይ ሲሆን፣ እንግዳ በተለዋወጠ ቁጥር ውኃው እንዲለቀቅ፣ ገንዳው እንዲታጠብና እንዲመከን፣ እንደ ገናም እንዲሞላ ይጠይቃል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ መዋኛና መሰል ገንዳዎች ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ገንዳዎች ለብቻቸው ትኩረት ሰጥቷል።

ታዲያ ይህ በተግባር ይቻላል? ስሌቱን እንመልከት። 1,500 ሊትር ውኃን ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ለማሞቅ 35 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 3 ኪሎዋት የሆነ ማሞቂያ ይህን የሚጨርሰው፣ ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር፣ በ12 ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያው እንግዳ በቀትር ወጥቶ ቀጣዩ በዐሥር ሰዓት የሚገባ ከሆነ ያለው ጊዜ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ባለቤቱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፦ ለእንግዳው ቀዝቃዛ ገንዳ ማስረከብ ወይም ውኃውን ሳይለውጥ ማለፍ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የትኛው እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። በሽታው የሚጀምረው በዚህች የአራት ሰዓት ክፍተት ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ የአገራችን ሁኔታ ይጨመራል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ክሎሪኑ አይዳረስም፤ ውኃው ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ለሌጂዮኔላ በሚመቸው ሙቀት ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ደግሞ በሮቶ የተጠራቀመ 1,500 ሊትር ውኃ መልቀቅ ያሳሳል። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንመድብ ያ ውኃ ለ30 ሰዎች የአንድ ቀን ፍጆታ ነው። ስስቱ ተገቢ ነው፤ ውጤቱ ግን ያው የቆየ ውኃ ነው።

ባለንብረቱ ራሱን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ምክር የሚጠይቀን ሰው የሚከተሉትን እንዲመልስ ማድረግ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

1. ውኃውን በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚለካ፣ ልኬቱን በመዝገብ የሚጽፍ፣ ስሙ የታወቀ ሠራተኛ አለ? እሱ በሌለበት ቀን የሚተካውስ ማን ነው?

2. ነፃ ክሎሪኑን በሊትር ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም፣ ፒ.ኤች. ከ7.0 እስከ 7.6 ባለው ወሰን ለመጠበቅ የሚያስችል መለኪያና ኬሚካል ዓመቱን ሙሉ ይገኛል? የሚገኘው ክሎሪን ሲያኑሪክ አሲድ ያለበት ከሆነ የክሎሪኑን ኃይል ስለሚያዳክም ለእንዲህ ያለው ገንዳ አይመከርም።

3. እንግዳ በተለዋወጠ ቁጥር ውኃውን ለመለወጥ የሚበቃ ውኃ፣ ኃይልና ጊዜ አለ? በሁለት እንግዶች መካከል አንድ ቀን ባዶ ለመተው ፈቃደኛ ነው?

4. መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ውኃው ሳይለካ ማንም እንዳይገባ ማን ይከለክላል?

5. ገንዳው ቁልፍ ያለው ክዳን፣ አጥር፣ ደረጃውን የጠበቀ የመምጠጫ ክዳንና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መከላከያ ይኖረዋል?

6. ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ የልብና የደም ግፊት ሕሙማን እንዲሁም መጠጥ የጠጡ ሰዎች እንዳይገቡ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በአማርኛና እንግዶቹ በሚያውቁት ሌላ ቋንቋ ይለጠፋል?

ከመጀመሪያዎቹ አራት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ መልሱ «የለም» ከሆነ ገንዳው ባይገጠም ይሻላል። አምስተኛውና ስድስተኛው በገንዘብና በጥቂት ሥራ ይስተካከላሉ። አራቱ ግን የዘወትር ግዴታ ናቸው።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

በማኅበረሰብ ውስጥ የተያዘ የሳንባ ምች ያለበትን ሰው ስንመረምር ባለፉት 14 ቀናት የት እንዳደረ መጠየቅ አለብን። የሌጂዮኔላ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የአእምሮ መወናበድና የደም ሶድየም ማነስ ከሳንባ ምቹ ጋር ሲታዩ ጥርጣሬያችን ሊጨምር ይገባል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ፣ የሚያጨስ፣ ስኳር ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

ባክቴሪያው በሴሎች ውስጥ ስለሚኖር ሴፍትሪያክሶን ብቻውን አይፈውሰውም። አዚትሮማይሲን ወይም ሊቮፍሎክሳሲን ያስፈልጋል። ሊቮፍሎክሳሲን የሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው ጋብ አድርጎ ምርመራውን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ነቀርሳ በሚጠረጠርበት ታማሚ ላይ አዚትሮማይሲንን ማስቀደም ይመረጣል። የሽንት አንቲጅን ምርመራ ቢገኝም በዋናነት የሚለየው ሴሮግሩፕ 1ን ብቻ ስለሆነ ኔጌቲቭ ውጤት በሽታውን አያስቀርም። ምርመራው በሌለበት ቦታም ሕክምናው መዘግየት የለበትም።

በአንድ ማረፊያ ያደሩ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ተመሳሳይ ሕመም ካሳዩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወዲያው ማሳወቅ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ባለቤቱ ወሬውን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ገንዳውን ማፍሰስና ማጠብ ነው፤ በዚያው ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ ገንዳው ተዘግቶ፣ አረፋው ጠፍቶ፣ ውኃው ግን ናሙና እስኪወሰድ ድረስ ሳይፈስ እንዲቆይ መንገር ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ለዘመዴ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አቀረብሁላቸው። በግቢያቸው ያለው ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥበቃውንም አትክልቱንም ይዟል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ወደ ቤተ ሰቡ ይሄዳል። ውኃው በሳምንት ጥቂት ቀን ይመጣል። እንግዶቹ ቅዳሜ ወጥተው ቅዳሜ ይገባሉ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ መልሱን ራሳቸው ተናገሩት።

እኔ የሰጠሁት አማራጭ ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍል አንድ ሰው ታጥቦ ውኃውን የሚለቅበት ሰፊ የመታጠቢያ ገንዳ እንዲያስገቡ ነው። ሙቀቱንና ዕረፍቱን ይሰጣል፤ ውኃው ግን አያድርም። «እንግዳው የሚጠይቀኝ ግን ጃኩዚ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጥቂት እንግዶች ወደ ጎረቤት ይሄዱባቸው ይሆናል። ይህን ኪሳራ አልደበቅሁባቸውም፤ ምክራችን የሚታመነው ዋጋውን ጨምረን ስንናገር ነውና።

የሞቀ ውኃ ገንዳ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የሠለጠነ ሠራተኛ፣ የማይቋረጥ ውኃና ኃይል፣ የልኬት መዝገብም ያለው ትልቅ ሆቴል በደኅና ሊያስተዳድረው ይችላል። ለማንኛውም ባለንብረት የሚቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ገንዳውን የሚገዛው ሰው ታውቋል፤ ነገ ጠዋት ውኃውን የሚለካው ማን ነው? የዚያ ሰው ስም እስኪታወቅ ድረስ ገንዳው ከሱቁ ባይወጣ ይመረጣል።